አሮጌው መኪና ሲሄድ ምን ይተካዋል?
ያገለገለ የናፍጣ ስፖርታዊ የቤት አውቶሞቢል ስለ መምረጥ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር




ለብዙ ዓመታት ያገለገለ አውቶሞቢል አንድ ቀን በግጭት ሲሰባበር፣ ወይም የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ በልጦ ሲገኝ፣ በአሜሪካን አገር የሚኖር ባለሙያ የሚገጥመው ችግር የታወቀ ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያ የከፈለው ገንዘብ በእጁ አለ፤ የኪራይ መኪናው ሒሳብ በየቀኑ ይቆጥራል፤ ሰኞ ጧት ደግሞ ሥራ ቦታ መገኘት ግዴታ ነው። በዚህ ጊዜ የሚደረግ ግዢ አብዛኛውን ጊዜ የችኮላ ግዢ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአበው ተረት ስለ እህል የተነገረ ቢሆንም ለመኪና ገበያም በትክክል ይሠራል።

የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ከምትክ መኪኖች መካከል አንዱን ዓይነት፣ ይኸውም ያገለገለ፣ በናፍጣ የሚሠራ፣ ስፖርታዊ ጠባይ ያለውን ባለአራት በር የቤት አውቶሞቢል ነው። ጉዳዩ ለአንዳንዱ የቅንጦት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በውስጡ ሦስት ከባድ ጥያቄዎች አሉበት። የቤተሰብ ገንዘብ በምን ላይ ይዋል? ሌላ ሰው ለዓመታት የተገለገለበት ውስብስብ መሣሪያ እንዴት ይመረመር? ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን አየር የሚተነፍሰው ጎረቤትስ ምን መብት አለው? እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ መመልከት ያስፈልጋል። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ከወዲሁ ይታወስ።

የናፍጣ ሞተር ጠባይ

እንደሚታወቀው፣ በቤንዚን ሞተር ውስጥ ነዳጅና አየር ተደባልቀው በካንዴላ ብልጭታ ይቃጠላሉ። በናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ የለም። አየሩ ብቻውን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ይታመቃል፤ በመታመቁም ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ በዚህ ጊዜ ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል የሠራው ሞተር በ1897 ሲፈተን ከነዳጁ ሙቀት 26.2 በመቶውን ወደ ሥራ መለወጡ ታወቀ። ይህም በዘመኑ ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች እጅግ የላቀ ውጤት ነበር።

ሆኖም የናፍጣ ሞተር ከባድና ጯሂ በመሆኑ ለረዥም ጊዜ የመርከብ፣ የባቡር፣ የካሚዮንና የትራክተር ሞተር ሆኖ ቆየ። መርሴዲስ ቤንዝ 260 ዲ የተባለውን የቤት አውቶሞቢል በ1936 ለሕዝብ ሲያሳይ ጉልበቱ 45 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ለዐሥርተ ዓመታት የናፍጣ የቤት መኪና ማለት የታክሲ ነጂዎችና የቆጣቢዎች መኪና ማለት ነበር፤ ፍጥነት የሚወድ ሰው አይመለከተውም ነበር።

ይህን ስም የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው ቱርቦ ነው። ቢ ኤም ደብሊው በ1983 ያወጣው 524 ቲዲ በዚህ መንገድ የተሠራ ሲሆን፣ የናፍጣ መኪና የነጂውን ልብ ሊያስደስት እንደሚችል ካሳዩት ቀደምት መኪኖች አንዱ ነው። ሁለተኛው በ1997 በአልፋ ሮሜዮ 156 ላይ ለገበያ የቀረበው የጋራ ቧንቧ የነዳጅ መርጫ ነው። በዚህ ዘዴ ናፍጣው ሁሉንም ኖዝሎች በሚመግብ አንድ ቧንቧ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ ይቆያል፤ ኮምፒዩተርም መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ ያዛል። በዚህም ጩኸቱ ቀነሰ፣ ጭሱ ሳሳ፣ ጉልበቱ ጨመረ። በ1998 አንድ ቢ ኤም ደብሊው 320 ዲ በኑርቡርግሪንግ የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ፤ በ2006 ደግሞ አውዲ አር 10 በለማን የ24 ሰዓት ውድድር ድል ያደረገ የመጀመሪያው የናፍጣ መኪና ሆነ። ከዚህ ወዲህ ናፍጣና ስፖርት አይገናኙም ማለት አልተቻለም።

ሁለት ምሳሌዎች

በአሜሪካን አገር ያገለገለ የናፍጣ ስፖርታዊ መኪና የሚፈልግ ሰው ምርጫው ሰፊ አይደለም። ጉዳዩን ለማብራራት ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ሞዴሎች ይበቃሉ።

አንደኛው ከ2009 እስከ 2011 ሞዴል በአሜሪካ የተሸጠው ቢ ኤም ደብሊው 335 ዲ ነው። ሦስት ሊትር የሆኑ ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት፣ ትንሽና ትልቅ ሁለት ቱርቦዎች ተራ በተራ የሚያግዙት ሞተር ሲሆን፣ 265 የፈረስ ጉልበት አለው። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የመጠምዘዝ ኃይሉ ነው፤ 425 ፓውንድ ጫማ የሚሆነው ይህ ኃይል ሞተሩ ገና በደቂቃ 1,750 ዙር ሲሽከረከር ይገኛል። ይህም ማለት ነጂው ማርሽ ሳያስቀንስና ሞተሩን ሳያስጮህ፣ ዳገት ላይ እንኳ ቢሆን፣ ከፊቱ ያለውን ካሚዮን ቀድሞ ለማለፍ ይችላል ማለት ነው። የመንግሥቱ የነዳጅ ምዘና በከተማ 23፣ በአውራ ጎዳና 36፣ በአማካይ 27 ማይል በጋሎን ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ከ2014 እስከ 2018 ሞዴል የተሸጠው 328 ዲ ነው። ሁለት ሊትር፣ አራት ሲሊንደርና 180 የፈረስ ጉልበት አለው። እንደ ታላቅ ወንድሙ አይወረወርም፤ ነገር ግን ባለ ኋላ እግር ነጂው በከተማ 32፣ በአውራ ጎዳና 45፣ በአማካይ 37 ማይል በጋሎን ተመዝኗል።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚመርጥ ሰው ራሱን መጠየቅ የሚገባው «የሚፈለገው ጉልበት ነው ወይስ ቁጠባ?» ብሎ ነው። ሁለቱም በአንድ መኪና ይገኛሉ የሚለው የሻጭ ቃል በከፊል እውነት ቢሆንም፣ ክብደቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ግን ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

የሒሳቡ ነገር

«ናፍጣ ቆጣቢ ነው» የሚለው አነጋገር ሳይመረመር የሚደጋገም ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከአንድ ዐሥረኛ በላይ የበለጠ ኃይል መያዙና ሞተሩም ሙቀቱን በተሻለ ሁኔታ መጠቀሙ እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘብ የሚከፈለው በጋሎን ስለሆነ የሁለቱ ነዳጆች የዋጋ ልዩነት መታሰብ አለበት።

እንበልና አንድ መሐንዲስ በዓመት 15,000 ማይል ይነዳል። በጋሎን 27 ማይል የሚሄደው 335 ዲ 556 ጋሎን ያህል ይፈጃል። በጉልበት የሚቀራረበው የቤንዚን መኪና በጋሎን 22 ማይል ይሄዳል ቢባል 682 ጋሎን ይፈልጋል። ልዩነቱ 126 ጋሎን ነው። ሁለቱም ነዳጆች በጋሎን 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ቢሸጡ መሐንዲሱ በዓመት 442 ዶላር ያህል ይቆጥባል። ናፍጣው በ50 ሳንቲም ቢወደድ ግን ቁጠባው ወደ 164 ዶላር ይወርዳል። አንድ የ2,000 ዶላር ጥገና ቢያጋጥም፣ ይህን ወጪ በነዳጅ ቁጠባ ለመመለስ 12 ዓመት ያስፈልጋል። ያ መኪና ደግሞ ዛሬ ራሱ ከ12 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው።

በዚሁ ስሌት 328 ዲ 405 ጋሎን ያህል ብቻ ስለሚፈጅ፣ ናፍጣው በ50 ሳንቲም ተወድዶ እንኳ በዓመት 764 ዶላር ያህል ያተርፋል። እንግዲህ ለቁጠባ ሲል 335 ዲ የሚገዛ ሰው ራሱን ያታልላል፤ ለጉልበቱና ለረዥም መንገድ ምቾቱ ሲል የሚገዛው ግን ምን እንደሚገዛ ያውቃል። ቁጠባ የሚፈልገው ትንሹን ይውሰድ።

ጭሱን የሚያጠሩት መሣሪያዎች

ያገለገለ ዘመናዊ የናፍጣ መኪና ሲገዛ ከባዱ ስጋት ያለው ሞተሩ ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው ነው። ሞተሩ ራሱ በአግባቡ ከተያዘ ረዥም ዕድሜ አለው። የሚያስቸግሩት ጭሱን ለማጥራት የተጨመሩት መሣሪያዎች ናቸው፤ እነርሱም በዋናነት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የጭሱን ከፊል አቀዝቅዞ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቧንቧ ነው። ይህ መሣሪያ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለውን መርዘኛ ጋዝ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጥላሸቱ ከዘይት ትነት ጋር ተደባልቆ በአየር ማስገቢያው ውስጥ እንደ ሬንጅ ይጋገራል። በ335 ዲ ላይ ይህ የታወቀ ችግር ነው፤ አየር ማስገቢያው ተፈትቶ መጠረግ ይኖርበታል። ከዚህም ሌላ ቢ ኤም ደብሊው በ2018 የዚሁ ቧንቧ ማቀዝቀዣ ውሃ እያፈሰሰ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል በብዙ አገሮች የናፍጣ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል፤ 328 ዲም ከተጠሩት አንዱ ነበር። ስለዚህ ገዢ የሻሲውን ቁጥር ይዞ ይህ ጥገና መደረጉን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጥቀርሻውን የሚይዘው ፊልትሮ ነው። ፊልትሮው ሲሞላ ኮምፒዩተሩ ተጨማሪ ናፍጣ በመርጨት ሙቀቱን ወደ 600 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ ጥቀርሻውን ያቃጥላል። ይህ እንዲሳካ መኪናው ሳያቋርጥ በአውራ ጎዳና ላይ መሄድ አለበት። በየቀኑ ሦስት ማይል ብቻ እየተነዳ የሚቆም መኪና ማቃጠሉን ስለማይጨርስ ፊልትሮው ይታፈናል፤ ሳይቃጠል የቀረውም ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየወረደ ያቀጥነዋል። ከዚህም በላይ ከዘይቱ የሚቀረው አመድ በእሳት አይጠፋም፤ ስለዚህ ፊልትሮው ምንም ቢያዝ አንድ ቀን መታጠብ ወይም መለወጥ የማይቀርለት ነው።

ሦስተኛው 32.5 በመቶ ዩሪያ ያለበትን ውሃ በጭሱ ላይ የሚረጨው መሣሪያ ነው። ዩሪያው በሙቀት ወደ አሞንያ ይለወጥና ናይትሮጅን ኦክሳይዱን ወደ ተራ ናይትሮጅንና ውሃ ይመልሰዋል። ሐሳቡ እጅግ ያማረ ነው። ሆኖም ፈሳሹ ከዜሮ በታች በ11 ዲግሪ ስለሚረጋ ማሞቂያ ያስፈልገዋል፤ ማሞቂያውና የጋዝ መለኪያዎቹም ይበላሻሉ። ፈሳሹ ሲያልቅ ወይም መሣሪያው ሲታወክ መኪናው የቀረውን ማይል እየቆጠረ ያስጠነቅቃል፤ ቁጥሩ ካለቀ በኋላ ሞተሩ ከጠፋ ዳግመኛ አይነሣም። ይህን ማስጠንቀቂያ ያየ ባለቤት አንዳንድ ጊዜ መኪናውን ከመጠገን ይልቅ መሸጥን እንደሚመርጥ ገዢ ይወቅ።

በበቅሎ ገበያ ሥርዓት

በአገር ቤት በቅሎ የሚገዛ አዋቂ ሰው የኮርቻውን ጌጥ አይመለከትም። አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ እግሯን ይዳብሳል፤ ዳገትና ቁልቁለት ያስኬዳታል፤ ባለቤቷም ለምን እንደሚሸጣት ይጠይቃል። ያገለገለ የናፍጣ መኪናም የሚመረመረው በዚሁ ሥርዓት ነው።

በመጀመሪያ መኪናው ሞተሩ እንደ ቀዘቀዘ እንዲጠብቅ ከሻጩ ጋር መነጋገር ይገባል። አስቀድሞ የተሞቀ ሞተር ድካሙን ይደብቃል። ሲነሣ ቢንቀጠቀጥና ነጭ ጭስ ቢያሳይ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ወይም ኖዝሎቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ጥቁር ጭስ የአየር እጥረትን ወይም የነዳጅ ብዛትን ያመለክታል። ፊልትሮ ያለው መኪና ጥቁር ጭስ ካወጣ ግን ፊልትሮው ተሰብሯል ወይም ወጥቷል።

ቀጥሎ ኮፈኑ ተከፍቶ የዘይቱ ልክ ይታይ። ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ከፍ ብሎና ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ከተገኘ፣ መኪናው በአጭር አጭር መንገድ ሲነዳ እንደ ኖረ ይመሰክራል። የማቀዝቀዣው ውሃ መጠን መጉደሉም ሊናቅ አይገባም።

ሦስተኛ፣ የኮምፒዩተሩ መዝገብ በመሣሪያ ይነበብ። የስሕተት ምልክት አለመኖሩ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሻጭ በዋዜማው አጥፍቶት ሊሆን ይችላልና። መዝገቡ በቅርቡ ተጠርጎ ከሆነ የጭስ ማጥሪያዎቹ ራስ መፈተኛዎች «ገና አልተዘጋጀም» የሚል መልስ ይሰጣሉ። ይህን መልስ ያገኘ ገዢ ሌላ ቀን ተመልሶ ይምጣ፤ ወይም ፈጽሞ አይመለስ።

አራተኛ፣ መኪናው በአውራ ጎዳና ላይ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይነዳ። ቱርቦዎቹ ሲረከቡ መንገራገጭ፣ ፉጨት ወይም የጉልበት መቋረጥ ካለ የሚገለጠው እዚያ ነው። አምስተኛ፣ የጥገና ደረሰኞች ይጠየቁ። መቼ ዘይት እንደ ተለወጠ፣ አየር ማስገቢያው ተጠርጎ እንደሆነ፣ በሞተሩ ፊት ያለው የንዝረት ማለዘቢያ መዘውር ተለውጦ እንደሆነ ወረቀቱ ይናገራል። በመጨረሻም ስለ ናፍጣ የሚያውቅ፣ ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለው መካኒክ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ይመልከተው። ለእርሱ የሚከፈለው ገንዘብ ከግዢው ሁሉ ትርፋማው ክፍል ነው።

የተነቀለው ፊልትሮ

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ እንደርሳለን። የማጥሪያዎቹ ጥገና ውድ ስለሆነ፣ ብዙ ባለቤቶች ፊልትሮውን አስነቅለው፣ የዩሪያውን መሣሪያ አስወጥተውና ኮምፒዩተሩን አስለውጠው በባዶ ቧንቧ ይነዳሉ። መኪናው ይፈጥናል፤ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ችግሩም የጠፋ ይመስላል። በገበያ ላይ ከሚገኙት 335 ዲ መኪኖች መካከል እንዲህ የተደረጉ አሉ፤ አንዳንዱ ሻጭም ይህንኑ እንደ ሙያ ያስተዋውቀዋል።

ይህ ሥራ በአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው። የጭስ ምርመራ በሚደረግባቸው ክፍለ ግዛቶች ምርመራውን ስለማያልፍ ሰሌዳውን ማደስ አይቻልም፤ የተነቀለውን መልሶ ለመግጠምም የመኪናውን ዋጋ የሚያህል ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። ነገር ግን ለመሐንዲስ ከቅጣቱ ይልቅ ምክንያቱ ሊከብደው ይገባል። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን በ2012 ወስኗል። ፊልትሮው የተነቀለበት መኪና ይህን ጭስ የሚያወጣው በሰፈር፣ በትምህርት ቤት ደጃፍና በራሱ በባለቤቱ ልጆች ላይ ነው።

የሙያ ሰው ይህን ሲያስብ የ2015ን ታሪክ ያስታውሳል። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ቮልክስዋገን ናፍጣ መኪኖቹ በምርመራ ላይ መሆናቸውን እያወቁ ያን ጊዜ ብቻ ጭሳቸውን እንዲያጠሩ የሚያደርግ የኮምፒዩተር ትእዛዝ እንደ ጨመረባቸው አስታወቀ። በመንገድ ላይ ግን እነዚህ መኪኖች ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ያወጡ ነበር። በዓለም ላይ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ነገሩ ነካቸው። ያ ሥራ የተሠራው በሰለጠኑ መሐንዲሶች እጅ ነው። ትልቁን ፋብሪካ የሚወቅስ ሰው በራሱ ጓሮ ያንኑ በትንሹ ቢያደርግ ወቀሳው ምን ክብደት ይኖረዋል? ስለሆነም ደንቡ አጭር ነው፦ ማጥሪያው የተነቀለበት መኪና በምንም ዋጋ አይገዛ፤ ማጥሪያውን ለመጠገን አቅም የሌለውም ሰው የናፍጣ መኪና አይግዛ።

ወደ አገር ቤት መላክ

አንዳንዶች ደግሞ መኪናውን ለጥቂት ዓመታት ነድተው በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ያስባሉ። ቱርቦ ያለው ሞተር የአየሩን መሳሳት በከፊል ስለሚያካክስ ለአዲስ አበባ ከፍታ የተመቸ መሆኑ አይካድም። ሆኖም በጥር ወር 2024 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ የኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቀዋል። ስለዚህ ምትክ መኪና የሚመርጥ ሰው ነገ ይላካል በሚል ተስፋ ላይ ሒሳቡን ማቆም አይገባውም። መኪናው ዋጋውን በሚነዳበት አገር ካላስመለሰ አላዋጣም ማለት ነው።

ፍርዱ

ከላይ የተባለው ሁሉ ተጠቃልሎ ሲታይ ነገሩ እንደሚከተለው ይፈረዳል። በየቀኑ ረዥም አውራ ጎዳና የሚሄድ፣ ጉልበትንና ርጋታን በአንድነት የሚወድ፣ ከግዢው ገንዘብ ሌላ ለጥገና ጥሪት ያስቀመጠና ናፍጣ የሚያውቅ ጋራዥ በአቅራቢያው ያለው ሰው፣ ማጥሪያዎቹ ሙሉ የሆኑና ደረሰኞቹ የተሟሉ መኪና ካገኘ ይግዛ፤ በብዙ ገንዘብ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች የማይሰጡትን ደስታ ያገኝበታል። መንገዱ አጭርና የከተማ ብቻ የሆነ፣ ወይም የኢንሹራንሱን ገንዘብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ለግዢው የሚያውል ሰው ግን፣ የቱንም ያህል ልቡ ቢመኘው፣ ይተወው። ለእርሱ ተራ የቤንዚን መኪና ወይም ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ያጣመረ መኪና የተሻለ አገልጋይ ነው።

መልካም መኪና በራሱ መልካም ምርጫ አይሆንም፤ ምርጫው መልካም የሚሆነው መኪናው ከነጂው መንገድ፣ ከኪሱና ከኅሊናው ጋር ሲስማማ ነው። የኪራዩ መኪና አንድ ሳምንት ቢጨምር የሚከፈለው ጥቂት ነው፤ በችኮላ የተገዛ መኪና ግን ለዓመታት ያስከፍላል።